የሰሜን ሸዋ የጤና ዳታ፦ ወደ ላይ የሚላከው ቁጥር ለታካሚው ምን ይዞ ይመለሳል?

መንዝ ውስጥ አንዲት ነፍሰ ጡር ለክትትል ጤና ኬላ ስትሄድ መረጃዋ ስንት ቦታ ይጻፋል? በቤተሰብ ፎልደሩ ውስጥ ባለው ካርዷ ላይ ይሞላል፤ በክትትል መዝገቡ ላይ ይደገማል፤ ለወሩ ሪፖርት መቁጠሪያው ቅጽ (ታሊው) ላይ አንድ ጭረት ይጨመርላታል፤ ታብሌት ባለበት ኢ-ቺስ በተባለው የጤና ኬላ ኤሌክትሮኒክ መዝገብ ላይ ይገባል፤ ይዛው በምትሄደው ካርድ ላይም ይሰፍራል። አምስት ቦታ ማለት ነው። አንድ የገጠር ቀበሌ በአማካይ ከ3,000 እስከ 5,000 ሰው ይይዛል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቹ ግን በመደበኛው ሁለት ናቸው። ቤት ለቤት ዙረቱም፣ ክትባቱም፣ ስብሰባውም እነሱው ላይ ነው።

ጤና ሚኒስቴር ከ2008 እስከ 2012 በነበረው የዘርፉ ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ “የመረጃ አብዮት”ን ከአራቱ ዋና የለውጥ አጀንዳዎች አንዱ አድርጎ ነበር። ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው፣ መነሻው ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሆነ የሪፖርት ሥርዓት በየወረዳው የገባው፣ ኢ-ቺስም ለጤና ኬላዎች የተዘጋጀው በዚህ መንገድ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ አሁንም ጥሩ ነው። ችግሩ ታብሌቱ ወረቀቱን ሳያስቀር በላዩ መደረቡ ነው። ሥራ የበዛባት ባለሙያ አምስቱንም በሰዓቱ መሙላት ስለማትችል ታብሌቱን ሪፖርት ሲደርስ በአንድ ምሽት፣ ከመዝገብ ወይም ከትዝታ ትሞላዋለች። ስህተት የሚወለደው እዚያ ነው።

ይህን ለመለየት ረቂቅ ሶፍትዌር አያስፈልግም። የደም ግፊት ዓምዱን ከላይ እስከ ታች መመልከት ይበቃል። የእጅ መለኪያው በ2 ሚሊ ሜትር የተከፋፈለ ስለሆነ በትክክል የተለካ ግፊት መጨረሻው 0፣ 2፣ 4፣ 6 ወይም 8 ይሆናል፤ አምስቱም በብዙ ሰው ላይ ተቀራራቢ ድርሻ ይኖራቸዋል። ከ50 እናቶች የ45ቱ ግፊት በ0 ካለቀ፣ ወይም ገጹ በ110/70 ከተሞላ፣ ቁጥሩ ተገምቷል ወይም ተጠጋግቷል። ክብደት ሁሉ በ0 እና በ5 ሲያልቅም እንደዚያው ነው። የተገመተ ግፊት የተጻፈላት እናት ፕሪኤክላምፕሲያ (ግፊት የሚያሻቅብበት አደገኛ የእርግዝና ሕመም) ቢጀምራት መዝገቡ ደህና ናት ይላል። ጉዳዩ የሪፖርት ጥራት ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ያልተገባው ለዚህ ነው።

ኢ-ቺስ የተሠራው ኮምኬር በተባለ የሞባይል ሶፍትዌር መድረክ ላይ ሲሆን ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ መረጃውን መሣሪያው ላይ ይዞ ኔትወርክ ሲያገኝ ይልካል። ከነሐሴ 2015 ወዲህ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረዥም ጊዜ በተቋረጠበት ወቅት የዚህ ጥቅም በደንብ ታይቷል። ግን ሳይላክ የሚቆይ መረጃ አደጋ አለው። ታብሌቱ ቢሰበር ወይም ቢዘረፍ ያልተላከው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ሁለት ባለሙያዎች ሳይላላኩ አንድን ቤተሰብ በየራሳቸው ከመዘገቡ ደግሞ ቤተሰቡ በሲስተሙ ላይ ሁለት ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ልማድ ነው፦ ባለሙያዋ ለስብሰባ ወይም ክትባት ለመውሰድ ጤና ጣቢያ በሄደች ቁጥር ታብሌቱን ይዛ መሄድ፣ መላኩንም ከጤና ጣቢያው የመረጃ ባለሙያ ጋር አይቶ ማረጋገጥ።

የማይገጥሙ ሁለት ቁጥሮች

የወሩ የጤና መረጃ ሪፖርት ከወሩ 21 እስከ ቀጣዩ ወር 20 ያለውን ይይዛል። የበሽታ ቅኝት ሳምንታዊ ሪፖርት ደግሞ ከሰኞ እስከ እሑድ ነው። ስለዚህ አራት ሳምንት ተደምሮ ከወሩ ቁጥር ጋር አይገጥምም፤ ሊገጥምም አይገባም። የሚያሳዝነው፣ ይህን ያልተረዳ ተቆጣጣሪ “ለምን አይገጥምም?” ብሎ ሲጫን ጤና ጣቢያው አንዱን ቁጥር ወደ ሌላው ያስጠጋዋል። ለመመርመር የተደረገ ጉብኝት ሐሰት አስተምሮ ይመለሳል ማለት ነው። ትክክለኛው ፍተሻ ሪፖርቱን ከራሱ ምንጭ ጋር ማመሳከር ነው። በየወሩ ከሪፖርቱ 12 መረጃዎች በዕጣ ይመረጣሉ፤ እያንዳንዱ ከመዝገቡ ላይ እንደገና ይቆጠራል፤ ስንቱ እንደተመሳሰለ ይታያል። ከ12ቱ 7 ብቻ ከገጠሙ ሪፖርቱ ሳይታረም መላክ የለበትም። ሥራው ከመዝገብ ጋር የግማሽ ቀን ነው። መልካም የሚሆነው መዝገቡን የሞላው ክፍል ራሱ ሲቆጥር ነው፤ ሌላ ሰው ቆጥሮ ውጤቱን ሲያመጣበት ግን እንደ ክስ ይሰማዋል።

ወባ፦ ሳይቃጠል በቅጠል

መረጃ በቀጥታ ሕይወት የሚያድንበትን ቦታ ለማየት ወደ ቆላው መውረድ ነው። ከጣርማ በር ቁልቁል ያሉት ቀወት፣ ሸዋ ሮቢት፣ ኤፍራታና ግድም፣ አንጾኪያ ገምዛ የወባ አገር ናቸው፤ ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ቁጥሩ ያሻቅባል። በ2024 እ.ኤ.አ. በአሥር ወር ውስጥ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን መመዝገባቸውን የዓለም ጤና ድርጅት ገልጿል። ወረርሽኝ መጀመሩን ቀድሞ ማወቅ የሚቻለው እያንዳንዱ ጤና ጣቢያ በግድግዳው ላይ ሊኖረው በሚገባ አንድ ግራፍ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ያለፉት አምስት ዓመታት የአንድ ሳምንት የወባ ቁጥር ይሰበሰባል። ለምሳሌ የአንዱ ሳምንት ቁጥር በየዓመቱ 14፣ 31፣ 22፣ 18፣ 27 ነበር እንበል። ከትልቁ ቀጥሎ ያለው 27 ነው፤ የማስጠንቀቂያው መስመር እሱ ይሆናል። ዘንድሮ በዚያው ሳምንት 29 ሰው ከታመመ መስመሩ ታልፏልና ለወረዳው ይነገራል፤ የኬሚካል ርጭት፣ የአጎበር፣ የመድኃኒትና የመመርመሪያ ጉዳይ በዚያው ሳምንት ይታያል። የአምስት ዓመት መረጃ ከሌለ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ሳምንት እጥፍ መሆኑ ይወሰዳል።

አማካዩ ለምን አልተመረጠም? ከላይ በ31 ፋንታ 140 ሰው የታመመበት የወረርሽኝ ዓመት ቢኖር አማካዩ ወደ 44 ይዘላል፤ ዘንድሮ 40 ሰው ቢታመምም ግራፉ ደህና ነው ይላል። ሁለተኛውን ትልቅ ስንወስድ ግን ያ ክፉ ዓመት መስመሩን አያነሣውም፤ 27 እንደሆነ ይቆያል።

ይህን ግራፍ የሚያበላሹት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ባዶና ዜሮ መምታታቸው ነው። በ2014 ጦርነቱ ወደ አካባቢው በደረሰባቸው ሳምንታት ተዘግቶ የቆየ ጤና ጣቢያ ሪፖርት አላደረገም እንጂ ሕመምተኛ የለኝም አላለም። ያ ባዶ ቦታ በ0 ከተሞላ መስመሩ ያለ አግባብ ዝቅ ይልና በየሳምንቱ የሐሰት ማንቂያ ይደወላል፤ ሰውም ማንቂያውን መናቅ ይጀምራል። ሁለተኛው መመርመሪያ ኪት ማለቁ ነው። ኪት ሲያልቅ የተረጋገጠ ወባ ቁጥር ይወርዳል፤ ግራፉ በሽታው የቀነሰ ያስመስላል፤ ሜዳው ላይ ያለው ግን ተቃራኒው ነው። ስለዚህ ከታመመው ቁጥር ጎን ስንት ሰው እንደተመረመረ ሁልጊዜ መጻፍ አለበት። ሦስተኛው ሰው የሚታመምበትና የሚመዘገብበት ቦታ መለያየቱ ነው። ደገኛው ለቀን ሥራ ቆላ ወርዶ ተነክሶ፣ ተመልሶ ደብረ ሲና ወይም ደብረ ብርሃን ላይ ይመረመራል። ጠያቂው “ባለፉት ሳምንታት የት አደርክ?” ካላለ ወባው በሌለበት ከተማ ላይ ይቆጠራል፣ ያለበት ቀበሌ ግን ሳይታወቅ ይቀራል።

ማሽኑ የማያውቀው ከፍታ

ሰሜን ሸዋ ለጤና ሶፍትዌር ከባድ ፈተና የሆነበት አንድ ነገር አለ፤ መልክዓ ምድሩ። ሸዋ ሮቢት ወደ 1,280 ሜትር ላይ ናት፤ ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር፤ ከመንዝ ቀበሌዎች ብዙዎቹ ከ3,000 ሜትር በላይ ናቸው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ሰውነትም ለማካካስ ኦክስጅን የሚሸከመውን የደም ክፍል፣ ሄሞግሎቢንን፣ አብዝቶ ያመርታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ከ1,000 እስከ 1,499 ሜትር ለሚኖር ሰው የደም ማነስ ወሰኑ ላይ 0.8 ግራም በዴሲ ሊትር፣ ከ2,500 እስከ 2,999 ሜትር ለሚኖር 1.8፣ ከ3,000 እስከ 3,499 ደግሞ 2.1 እንዲጨመር ያዛል።

በቁጥር እንየው። በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ላይ ላለች ነፍሰ ጡር መደበኛው ወሰን 11 ነው። የደም ምርመራ ማሽኑ 12.2 አወጣ እንበል፤ ማሽኑ በፋብሪካው ወሰን “ደህና” ብሎ ያልፋል። ሸዋ ሮቢት ለምትኖር ሴት ወሰኗ 11.8 ስለሆነ በእርግጥም ደህና ናት። ደብረ ብርሃን ለምትኖር ግን ወሰኗ 12.8 ነው፤ ደም ማነስ አለባት። ያው ቁጥር፣ ያው ማሽን፣ ውሳኔው ግን ሌላ። ስለዚህ ኤሌክትሮኒክ ካርድ የሚያዘጋጅ ባለሙያ ከፍታውን በተቋሙ መገለጫ ላይ ብቻ መሙላት የለበትም። ማካካሻው የሚከተለው ሰውዬው የሚኖርበትን ቀበሌ ነው፤ ከመሐል ሜዳ ወርዳ ሸዋ ሮቢት ለተመረመረች ሴት የሚሠራው የመንዝ ከፍታ ነው።

በኦክስጅን መለኪያም ተመሳሳይ ነገር አለ። በባሕር ጠለል ላይ ጤነኛ ሰው ከ95 በመቶ በላይ ያሳያል፤ በደብረ ብርሃን ከፍታ ግን ጤነኛ ሰው ከ90 እስከ 95 መካከል ሊያሳይ ይችላል። ቆላ ላይ በተሰበሰበ መረጃ የሠለጠነ ፕሮግራም ደጋ ላይ ሲተከል ጤነኛውን ሁሉ ሕመምተኛ ያደርጋል፤ ነርሷ በየደቂቃው የሚጮኸውን ማንቂያ ስትዘጋው ደግሞ እውነተኛው ሲመጣ የሚሰማው ይጠፋል። ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ብዙ ይወራል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች ደረት ራጅን በኮምፒዩተር አንብቦ ቲቢን መለየትን ደግፏል። ይህ ራጅ አንባቢ ሐኪም ለሌለው ሆስፒታል ትልቅ እርዳታ ነው። ነገር ግን ፕሮግራሙ “ቲቢ ይጠረጠራል” የሚልበት ነጥብ በአካባቢው ሰው ላይ ተፈትሾ መወሰን አለበት፤ ከሳጥን እንደወጣ መጠቀም አይገባም።

ቀንና ስም

የጤና ሶፍትዌሮች ብዙዎቹ በፈረንጆች አቆጣጠር የተሠሩ ናቸው። አዋላጇ የምታስበው በኛው ነው። የመውለጃ ቀን ስሌታችን እንደሚታወቀው ነው፦ ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ላይ 9 ወር ከ10 ቀን ይደመራል፤ መሐል ላይ ጳጉሜን ካለች 9 ወር ከ5 ቀን፣ ጳጉሜን 6 ከሆነች ከ4 ቀን። ጥር 12 ቀን 2017 ብላ የነገረች እናት መውለጃዋ ጥቅምት 17 ቀን 2018 ይሆናል፤ 280 ቀኑ በትክክል ይሞላል። ይህንኑ ቀን ሳይቀይሩ በፈረንጅ ሳጥን ውስጥ ቢጽፉት ሲስተሙ የስምንት ዓመት እርግዝና አድርጎ ያነበውና አይቀበልም። አዋላጇም ሲስተሙ እስኪቀበላት ድረስ የገመተችውን ቀን ታስገባለች። ያልተቀበለው ስህተት ቢያንስ ይታያል፤ ሲስተሙ ተቀብሎት የሚያልፈው የባሰ ነው። በ2016 በኛ የተወለደ ሕፃን 2016 ተብሎ በፈረንጅ ሳጥን ከገባ ከዕድሜው ስምንት ዓመት ገደማ ይበልጣል፤ የዕድገት መከታተያው ግራፍም የክትባት ቀጠሮውም ይበላሻል። ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ የጠዋት 2 ሰዓት ቀጠሮ ሲስተሙ ላይ 8 ሰዓት ነው፤ ታካሚው ከሰዓት በኋላ የመጣበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ሶፍትዌር ሲገዛ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ የኢትዮጵያን ካላንደር ከነጳጉሜው ይቀበላል ወይ የሚለው ነው።

ስም ከዚህ ይከብዳል። ካርድ ክፍል ውስጥ ኃይለማርያም፣ ሀይለ ማርያም፣ ኃ/ማርያም ተብሎ የተጻፈ አንድ ሰው ለኮምፒዩተር ሦስት ሰው ነው። ካርዱን የጣለ ታካሚ ሲመጣ ፈልጎ ከማግኘት አዲስ ማውጣት ይቀላልና አዲስ ቁጥር ይሰጠዋል፤ የስኳር ሕመሙ በአንደኛው ካርድ፣ የመድኃኒት አለርጂው በሌላኛው ይቀራል። በሕፃናት ላይ ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ አለ። ሕፃኑ ገና ስም ሳይወጣለት ሲወለድ የተሰጠው የቢሲጂ (የቲቢ መከላከያ) ክትባት በእናቱ ስም “የእገሊት ልጅ” ተብሎ ይመዘገባል። ወንዱ በ40 ቀኑ፣ ሴቷ በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሣሉ፤ በይፋት በኩል ባሉ ሙስሊም ቤተሰቦች ስም የሚወጣው በሰባተኛው ቀን ነው። የመጀመሪያው ፔንታ (አምስት በሽታ የሚከላከለው ክትባት) በ6 ሳምንት፣ ማለትም በ42 ቀን ነው። ወንዱ ልጅ ክርስትና ተነሥቶ በሁለት ቀኑ አዲስ ስም ይዞ ይመጣል ማለት ነው! ካርድ አውጪው ከእናቱ መዝገብ ጋር ካላያያዘው ሲስተሙ ላይ አንድ ልጅ ቢሲጂ ወስዶ ጠፍቷል፣ ሌላ ልጅ ደግሞ ያለ ቢሲጂ ፔንታ ጀምሯል። ከዚያ ያቋረጡ ሕፃናት ዝርዝር ይወጣና ባለሙያዋ የሌለ ልጅ ፍለጋ ገደል ትወጣለች።

የሚሠራው መንገድ ስሙን ብቻ አለመፈለግ ነው። የእናት ስም፣ ቀበሌና ጎጥ፣ ስልክ፣ የተወለደበት ቀን ተደምረው ይፈለጉ። አዲስ ካርድ ከመውጣቱ በፊት በሁለት የተለያየ አጻጻፍ መፈለግ ግዴታ ይሁን። ባለ 12 አኃዙ የፋይዳ ቁጥር ለአዋቂው ነገሩን በእጅጉ ያቀልለዋል፤ ነገር ግን ፋይዳ የሌለው ሰው አገልግሎት እንዳያጣ ቁጥሩ ማገናኛ እንጂ መግቢያ በር መሆን የለበትም።

ስለ ሽፋን አኃዝ አጭር ነገር እንበል። የክትባት ሽፋን 112 በመቶ ሲባል ብዙ ሰው የሥራ ውጤት አድርጎ ያነበዋል። መቶኛው የሚሰላበት የሕዝብ ብዛት ግምት መሠረቱ የ1999 ቆጠራ ነው። ከዚያ ወዲህ ደብረ ብርሃን ፋብሪካና ኢንዱስትሪ ፓርክ በዝቶባታል፣ ተፈናቃዮችም በብዛት ተጠልለውባታል። በከተማዋ ሽፋኑ ከመቶ ሲያልፍ፣ ሰው የለቀቀባቸው ወረዳዎች ሰነፍ ይመስላሉ። ሁለቱም ሐሰት ነው።

የመድኃኒቱ ሒሳብና መብራቱ

ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች መድኃኒት የሚጠይቁት በየሁለት ወሩ ነው፤ ከፍተኛው ክምችት 4 ወር፣ ዝቅተኛው 2 ወር፣ አስቸኳይ ጥያቄ የሚቀርበው የሁለት ሳምንት ሲቀር። ዳጉ የተባለው ሲስተም ሒሳቡን ይሠራል፤ የሚሠራው ግን በተነገረው ነው። በሁለት ወር 600 ብልቃጥ አሞክሲሲሊን ሽሮፕ ተሰጠ፣ ግን 20 ቀን መደርደሪያው ባዶ ነበር እንበል። ባዶው ቀን ካልተጻፈ የወሩ ፍጆታ 300 ይባልና የአራት ወሩ 1,200 ይጠየቃል። እውነተኛው ስሌት 600ን ለ40 ቀን አካፍሎ በ30 ማባዛት ነው፤ 450 በወር፣ 1,800 በአራት ወር። ባዶ የነበሩትን ቀናት ቢን ካርድ (የክምችት መቆጣጠሪያ ካርድ) ላይ አለመጻፍ እጥረቱን በሚቀጥለው ዙር ራሱ ይወልደዋል።

ሆስፒታል ውስጥ ኤሌክትሮኒክ ካርድ ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ የሚጥለው መብራት ነው፤ ያውም ጄኔሬተር እያለ። መብራት ሄዶ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ባሉት ሰከንዶች ሰርቨሩ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ስላለው አይጠፋም፤ በየኮሪደሩ ያለው የኔትወርክ ማገናኛ ስዊች ግን ዩፒኤስ ስለሌለው ይጠፋል፣ ሐኪሙ እየጻፈ የነበረውም ይቋረጣል። ለስዊቾቹ የሚሆን አነስተኛ ዩፒኤስ ከጠቅላላው ወጪ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ሲስተሙ ሲወድቅ የሚሞላ ወረቀት በየክፍሉ መኖር አለበት፤ ሲነሣ ማን መልሶ እንደሚያስገባውም ቀድሞ መወሰን አለበት። የመጠባበቂያ ቅጂው ከሰርቨሩ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ከተቀመጠ እሳትም ዘረፋም ሁለቱን አብሮ ይወስዳል።

የይለፍ ቃል መጋራት መቆም ያለበት ልማድ ነው። ተረኛው በሌላው ስም ሲገባ ያን መድኃኒት ማን እንዳዘዘ ማወቅ አይቻልም። የታካሚ ስም ዝርዝር፣ በተለይ ከኤችአይቪና ከቲቢ ክትትል የቀሩ ሰዎች ስም በቴሌግራም ግሩፕ መላክም እንዲሁ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ አስቀምጦታል። በትንሽ ከተማ ውስጥ ስሙ የወጣ ሰው ሕክምናውን ጥሎ ይጠፋል። በስም ፋንታ የካርድ ቁጥር ብቻ መላክ፣ ፈላጊዋ ባለሙያም ስሙን ከራሷ መዝገብ እንድታወጣ ማድረግ ይቻላል።

እንደ እኛ እምነት የዚህ ሁሉ ሥራ መፈተኛው ሪፈር ነው። ከመንዝ ወይም ከሚዳ ወረሞ ወደ ደብረ ብርሃን የተላከ ታካሚ ብዙ ጊዜ ወረቀት ይዞ ይሄዳል፤ መልሱ ግን ወደ ላከው ጤና ጣቢያ አይመለስም። ላኪዋ ነርስ ጥርጣሬዋ ልክ ይሁን አይሁን ሳታውቅ ቀጣዩን ትልካለች። የመልሱ ቅጽ አራት ነገር ቢይዝ ይበቃል፦ ምን ተገኘበት፣ ምን ተደረገለት፣ የትኛውን መድኃኒት በምን መጠን እስከ መቼ ይወስዳል፣ መቼና የት ይመለሳል። ኤሌክትሮኒክ ካርድ ያለው ሆስፒታል ይህን ታካሚው ሲወጣ በራሱ ሊያዘጋጀውና ለላኪው ጤና ጣቢያ በመልእክት ሊልከው ይችላል። ካርድ የሌለውም በካርቦን ወረቀት ሁለት ኮፒ ጽፎ አንዱን ለታካሚው፣ አንዱን ወደ ወረዳው በሚሄደው መኪና መላክ ይችላል። የዞኑ ጤና መምሪያ በየሩብ ዓመቱ ግምገማ ላይ “ስንት ሪፈር ላካችሁ?” ከማለት ጎን “ስንቱ መልስ ደረሳችሁ?” የሚል አንድ መስመር ቢጨምር፣ ሆስፒታሎቹ መልሱን መላክ ሲጀምሩ ማየት ይቻላል።